ይግባኙ የእነሱ፣ እስሩ የእኛ

ፍርድ ቤት «በዋስ ይውጣ» ያለው ሰው፣ ፖሊስ «ይግባኝ እላለሁ» ስላለ ብቻ አንዲት ሌሊት እንኳ እስር ቤት ማደር የለበትም። ክርክሬ ይኸው ነው። መከራከር የሚፈልግ ከዚህ ዓረፍተ ነገር ጋር ይከራከር፤ የቀረው ጽሑፍ ማብራሪያው ነው።

እኔ ሕግ አልተማርኩም። የተማርኩት ምህንድስና ነው፤ እንጀራዬን የምበላው ሶፍትዌር ጽፌ ነው። «ታዲያ ስለ ይግባኝ ምን አገባህ?» የሚለኝ ጠበቃ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። የሚታሰረው ግን የሕግ ምሩቅ ብቻ አይደለም፤ ሕጉም በአማርኛ ታትሟል፣ ማንበብ እችላለሁ። ደግሞ ሥራዬ አንድ ጥሩ አመል አስይዞኛል። አንድ ሲስተም ሁሉ ነገር ሰላም ሲሆን የሚሠራው ነገር ብዙም አያስጨንቀኝም፤ የሚያስጨንቀኝ መልስ ሲዘገይ ምን እንደሚያደርግ ነው። ባንኩ መልስ ካልሰጠ ገንዘቡ በማን ሂሳብ ላይ ይቆያል? መብራት ሲጠፋ በሩ ተቆልፎ ይቀራል ወይስ ይከፈታል? የሲስተሙ ጠባይ የሚታወቀው እዚያ ላይ ነው። የፍርድ ቤቶቻችንንም ሥርዓት በዚሁ ዓይን አየሁት። ይግባኝ ተጠይቆ መልስ እስኪመጣ ሰውየው የት ነው የሚቆየው? የኛ አገር መልስ «እዚያው እስር ቤት» ነው። ይህን መልስ ሕግ ውስጥ ፈልጌ አላገኘሁትም። ያገኘሁት ልማድ ውስጥ ነው።

መንገድ ላይ የሚሰጥ ትእዛዝ

አንድ ክስ ተከፍቶ እስኪዘጋ ድረስ ዳኛው ብዙ ነገር ይወስናል። ቀጠሮ ይሰጣል፣ ቀጠሮ ይለውጣል። «ይህ ፍርድ ቤት ሥልጣን የለውም» የሚል መቃወሚያ ሲቀርብለት ብይን ይሰጣል። ይህ ምስክር ይሰማ፣ ያ ሰነድ አይያዝ ይላል። መሬት ላይ እግድ ይጥላል። ተጠርጣሪው በዋስ ይውጣ ወይም ይቆይ ይላል። አንዳቸውም የመጨረሻ ፍርድ አይደሉም፤ መንገድ ላይ የሚሰጡ ናቸው። እዚህ ለአጭሩ «የመሀል ትእዛዝ» እላቸዋለሁ።

በእንዲህ ዓይነት ትእዛዝ ቅር የተሰኘ ሰው ወዲያው ይግባኝ ይበል ወይስ ፍርዱን ይጠብቅ? የተለያዩ አገሮች የተለያየ መልስ አላቸው። አሜሪካኖች በፍትሐ ብሔር ጉዳይ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ከ1958 ጀምሮ የሚጠቀሙበት ሕግ ሁለት ፈቃድ ይጠይቃል። መጀመሪያ ትእዛዙን የሰጠው ዳኛ ራሱ «ይህ ነጥብ አሁኑኑ ቢጣራ ለጉዳዩ ይጠቅማል» ብሎ በጽሑፍ ማረጋገጥ አለበት። ከዚያ ባለጉዳዩ በ10 ቀን ውስጥ ለይግባኝ ሰሚው ያመለክታል፤ እሱም ከፈለገ ይቀበላል፣ ካልፈለገ አይቀበልም።

የኛ ሕግ የመረጠው ሌላ መንገድ ነው። ፈቃድ አይልም፤ ዝርዝር ያስቀምጣል። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 320(3) በቀጠሮ፣ በመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ፣ በማስረጃ አቀባበል፣ በደኻ ደንብ ለመክሰስ በሚቀርብ ጥያቄና በመሳሰሉት ላይ የተሰጠ ትእዛዝ ለብቻው ይግባኝ እንደማይባልበት ይደነግጋል። ቅሬታህን ይዘህ ትቆያለህ፤ የመጨረሻው ፍርድ ሲሰጥ ከዋናው ይግባኝ ጋር አብረህ ታነሣዋለህ። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግም በቁጥር 184 ተመሳሳይ ነገር ይላል፦ በቀጠሮ፣ በክስ መቃወሚያና በማስረጃ ተቀባይነት ላይ መሀል ላይ ይግባኝ የለም።

ይህን ደንብ አልቃወምም። እንዲያውም እደግፈዋለሁ፤ ምክንያቱም አገሬን አውቃታለሁ። እኛ ሙግት የምንወድ ሕዝብ ነን። አባቶቻችን ዛፍ ሥር ቆመው «በልሃ ልበልሃ» ሲባባሉ፣ «ማር አግባ፣ በቅሎ አግባ» እየተባለ ሲወራረዱ፣ ሙግቱ ፍትሕ ብቻ ሳይሆን የአንደበትም መታያ ነበር። ላስታ ውስጥ ለአንድ ጥማድ መሬት ከአባት ወደ ልጅ የተላለፈ ክስ መስማት ብርቅ አይደለም። በእያንዳንዱ ቀጠሮ፣ በእያንዳንዱ ምስክር ላይ ይግባኝ ቢፈቀድ ማን ይጠቀማል? ገንዘብ ያለው። ደኻውን ከወረዳ ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ክልል እያመላለሰ ስንቁን ያስጨርሰዋል፤ መጨረሻ ላይ ደኻው «በቃኝ፣ መሬቱን ውሰደው» ይላል። ስለዚህ በሩ መዘጋቱ ልክ ነው። ጥያቄዬ በሩ ለማን ተዘግቶ ለማን እንደተከፈተ ነው።

ሕጉ ክፍት የተወው በር

ሕግ አውጪው ሁሉንም በር አልዘጋም። እዚያው ቁጥር 320 ላይ ንዑስ ቁጥር 4 አለ። አንድ ሰው እንዲያዝ ወይም እንዲታሰር ትእዛዝ ከተሰጠ፣ ንብረት ከአንዱ ተከራካሪ እጅ ወጥቶ ወደ ሌላው እጅ እንዲገባ ከታዘዘ፣ ወይም አካልን ነጻ የማውጣት አቤቱታ ውድቅ ከተደረገ ፍርድ መጠበቅ የለም፤ ወዲያው ይግባኝ ይባላል።

ለምን እነዚህ ብቻ ተመረጡ? የላሊበላ ልጅ ምክንያቱን ለመረዳት ሩቅ መሄድ የለበትም። ቤተ ጊዮርጊስ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተደርድሮ የተሠራ አይደለም፤ ከአንድ አለት ከላይ ወደ ታች ተፈልፍሎ የወጣ ነው። ግንብ የሚገነባ ሰው ቢሳሳት ድንጋዩን አንሥቶ እንደገና ያስቀምጣል። አለት የሚፈለፍል ሰው ግን አንዴ የቆረሰውን መልሶ አይለጥፍም። ከመሀል ትእዛዞችም አብዛኞቹ እንደ ግንቡ ናቸው፤ ምስክሩ በስህተት ካልተሰማ በኋላ ይሰማል። እስር ግን እንደ አለቱ ነው። ሦስት ወር በስህተት የታሰረን ሰው ይግባኝ ሰሚው «ልክ ነህ» ቢለው ሦስት ወሩን አይመልስለትም።

የወንጀሉ ሕግም ይህን ያውቃል። ይግባኝ ከማይባልባቸው የቁጥር 184 ዝርዝሮች ውስጥ ዋስትና የለም። ዋስትና የራሱ ቁጥር አለው፤ 75። እዚያ የተጻፈው ዋስትና የተከለከለ ሰው በ20 ቀን ውስጥ ለይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በጽሑፍ ማመልከት እንደሚችል ነው። ዋስትና ስለተከለከለ ሰው ይናገራል። ዋስትና ስለተፈቀደበት ፖሊስ አይናገርም።

ሕገ መንግሥቱንም እንጨምር። አንቀጽ 20(6) ፍርድ ቤት በሰጠው ትእዛዝ ወይም ፍርድ ላይ ይግባኝ ማለትን መብት አድርጎ ያስቀምጣል። «ትእዛዝ» የምትለዋን ቃል ልብ በሉልኝ፤ የመጨረሻ ፍርድ ብቻ አላለም። የአንቀጹንም ርዕስ አንብቡ፦ ስለ ተከሰሱ ሰዎች መብት ነው። መንግሥት በራሱ ክስ ተከሳሽ ሆኖ አያውቅም።

እንግዲህ ጽሑፉ ይኸው ነው። የታሰረው ሰው ወደ ላይ የሚወጣበት በር አለው። አሳሪው ግን በጽሑፍ የተሰጠው ሌላ በር ነው፤ ቁጥር 74። ዋስትና ሲፈቀድ ያልታወቀ አዲስ ነገር ከተገኘ ፍርድ ቤቱ የዋስትናውን ጉዳይ እንደገና ማየት ይችላል። አዲስ ነገር ካለህ አምጣ፤ ከሌለህ ዳኛው ሰምቶ ወስኗል ማለት ነው። በተግባር ግን የሆነው ተገላቢጦሽ ነው። ፖሊስና ዐቃቤ ሕግ ዋስትና በተፈቀደ ቁጥር ይግባኝ ይላሉ፤ ይግባኝ ሰሚው ይቀበላል፤ ትእዛዙን ያግዳል። እግዱ እስኪነሣ ሰውየው «የዋስትና መብቱ የተከበረለት እስረኛ» ይሆናል። እንዲህ ያለ አማርኛ ሌላ አገር አይሰማም።

ሦስት ሰዎች

ሦስት የታወቁ ሰዎችን ልጥራ። ሦስቱም በፖለቲካ አይገናኙም፤ የመረጥኳቸውም ስለማይገናኙ ነው።

በ1993 ዓ.ም. ሕወሓት ሲሰነጠቅ አቶ ስዬ አብርሃ በሙስና ተጠርጥረው ታሰሩ። የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ዳኛ የነበሩት ብርቱካን ሚደቅሳ በዋስ እንዲወጡ አዘዙ። አቶ ስዬ ከፍርድ ቤት ሲወጡ እንደገና ተያዙ። ፓርላማው ደግሞ በፍጥነት ተሰብስቦ በሙስና የተጠረጠረን ሰው ዋስትና የሚከለክል አዋጅ አወጣ። ትእዛዙ አልተመቸም፤ ሕጉ ተቀየረ። አቶ ስዬ ከስድስት ዓመት ገደማ በኋላ በ1999 ወጡ። ለአንድ ሰው የተሰፋው ሕግ ግን ከእሳቸው ጋር አልወጣም። በ1997 ተሻሽሎም ቢሆን ከአሥር ዓመት በላይ በሚያስቀጣ ሙስና የተጠረጠረ ሰው ዋስትና እንዳያገኝ አድርጎ ቀጠለ።

በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ለአቶ በቀለ ገርባ ፍርድ ቤት የ30 ሺህ ብር ዋስትና ፈቀደላቸው። እዚህ ሕግ መቀየር አላስፈለገም። ዐቃቤ ሕግ ጉዳዩን ወደ ላይ ወሰደው፤ ዋስትናው ታገደ፤ አቶ በቀለም እዚያው ቀሩ። የወጡት በየካቲት ክሳቸው ሲቋረጥ ነው።

በሐምሌ 2012 ዓ.ም. ደግሞ አቶ ልደቱ አያሌው አዲስ አበባ ተይዘው ቢሾፍቱ ተወሰዱ። አቶ ልደቱ የላስታ ሰው ናቸው። የልብ ሕመምተኛ መሆናቸው የታወቀ ነበር። ፍርድ ቤት በዋስ ይውጡ ሲል ፖሊስ አልለቀቃቸውም፤ ክርክሩ ከአንዱ ችሎት ወደ ሌላው ሲንከባለል ከአራት ወር በላይ ታስረው ቆዩ። እዚህ ላይ ይግባኙ ራሱ ከጌጥ አላለፈም። መታሰሩ ቀድሞ ተወስኗል፤ ወረቀቱ ኋላ ይደርሳል።

በመጀመሪያው ሕግ ቀየሩ። በሁለተኛው ይግባኝ አሉ። በሦስተኛው ዝም ብለው ያዙ። ሃያ ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ትእዛዝን አለመፈጸም ምን ያህል እየቀለለ እንደመጣ እዩ።

እዚህ ላይ የሚያናድደኝ የመንግሥት ጠባይ ብቻ አይደለም። የኛም ነው። ስዬ ሲታሰሩ «እሰይ፣ የእጃቸውን አገኙ» ያልን ብዙ ነን። በቀለ ሲታሰሩ «የእነሱ ጉዳይ ነው» አልን። ልደቱ ሲታሰሩ ላሊበላ ውስጥ እንኳ «ድሮስ በ97 ምን ሠርቶ ነው?» የሚል ነበር። ልደቱን አልወድም ማለት መብት ነው። ልደቱን ስለማልወድ የዋስትና ትእዛዛቸው ወረቀት ብቻ ሆኖ ይቅር ማለት ግን የራስን ዋስትና አሳልፎ መስጠት ነው። ነገ የሚወደውም የሚጠላውም ያው ትእዛዝ ነው የሚሰጠው፤ ያው ፖሊስ ነው የሚያነበው።

ርቀት የማይቆጠርለት ሰው

ስማቸው የሚጠራ ሰዎች ቢያንስ ጋዜጠኛ አላቸው። አሁን ወደ ማንም ወደማያውቀው ሰው እንምጣ። ጉዳዩ በወረዳ ፍርድ ቤት የተጀመረ አንድ የላስታ ሰው እናስብ። ወረዳው በዋስ ይውጣ ይላል። ፖሊስ ይግባኝ ይላል። ይግባኙ የሚሄደው ወደ ዞኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ነው፤ ወልድያ። መኪናው መንገድ ከላሊበላ ወደ ጋሸና ይወርዳል፣ ከዚያ ወደ ምሥራቅ ዞሮ በድልብ በኩል ወልድያ ይደርሳል። ሰላም ሲሆን የአንድ ቀን ጉዞ ነው። መንገድ ሲዘጋ የስንት ቀን እንደሆነ ላስቴውን ጠይቁት። በሐምሌ 2013 መጨረሻ ጦርነቱ ላሊበላ ደረሰ፤ ከተማዋ ከእጅ ወደ እጅ ስትገባ እስከ ታኅሣሥ 2014 ቆየ። በሐምሌ 2015 መጨረሻ አስቸኳይ ጊዜ ታወጀ፤ በጥር 2016 ለተጨማሪ አራት ወር ተራዘመ። ጋሸና ላይ ተኩስ አለ ከተባለ መዝገቡም፣ ጠበቃውም፣ ስንቅ የያዘችው እናትም እዚያው ይቆማሉ።

ፖሊስ ግን አይቆምም፤ ምክንያቱም መሄድ አያስፈልገውም። እስረኛው እጁ ላይ ነው። ለእሱ መንገድ መዘጋቱ ሽንፈት አይደለም፤ ድል ነው። መልሱ በዘገየ ቁጥር የጠየቀውን እያገኘ ነው። ይህን ከሁሉ በላይ ልብ በሉልኝ፦ ታስሮ ይቆይልኝ ብሎ ይግባኝ የሚል ወገን ይግባኙ እስኪወሰን ድረስ አሸናፊ ነው። ባይፈረድለትም አሸንፏል።

ሕገ መንግሥቱ የመንገድን ነገር ያውቃል። አንቀጽ 19(3) የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል፤ ከተያዘበት ቦታ ወደ ፍርድ ቤት ለመምጣት የሚያስፈልገውን ጊዜ ግን ከ48 ሰዓቱ ውጭ ያደርገዋል። ለተራራማ አገር ምክንያታዊ ነው፣ አልቃወምም። ግን እዩት፤ ርቀት ለመንግሥት ይቆጠርለታል። ለታሳሪው ወልድያ ሩቅ መሆኑን የሚቆጥርለት አንቀጽ የለም።

የፍትሐ ብሔሩም በኩል የራሱ ቁስል አለው። ገበሬው መሬቱን ይዞ ሳለ ተከሰሰ እንበል፤ ፍርድ ቤቱ በሰኔ «ክርክሩ እስኪያልቅ ማንም እንዳያርስ» ብሎ አገደ። ቁጥር 320(4) ንብረት ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው እጅ ሲዛወር ይግባኝ ይፈቅዳል። እዚህ ግን ወደማንም አልተዛወረም፤ መሬቱ ጾሙን አደረ እንጂ። ስለዚህ የሕጉን ቃል ካነበብነው ገበሬው ፍርድ መጠበቅ አለበት። በጥር ይፈረድለታል። «መሬቱ ያንተ ነው» ይባላል። ገብሱስ? የቤተሰቡ የዓመት ቀለብስ? ይህም እንደ አለቱ ነው፤ የቆረሱት አይመለስም። ዝርዝሩ ግን አያየውም፤ ምክንያቱም ዝርዝር እግዱ ምን እንደሚባል እንጂ ምን እንዳደረሰ አይጠይቅም። ለእንዲህ ዓይነቱ ጉዳይ ነው ፈቃድ የሚባለው ነገር የሚያስፈልገን።

ፈቃድ የምለው

አንዳንዱ «ፈቃድ አዲስ ነገር ነው፣ ከውጭ የመጣ ነው» ይለኛል። አይደለም። ፍርድ ቤት የረገጠ ሰው «ያስቀርባል» የምትለዋን ቃል ያውቃታል። ይግባኝ ሰሚው መጀመሪያ ይግባኝ ባዩን ብቻ ሰምቶ፣ የሥር ፍርድ ቤቱ ትክክል ነው ካለ ሌላውን ወገን ሳይጠራ መዝገቡን ይዘጋል። ነገሩ የሚያከራክር ከመሰለው «ያስቀርባል» ይላል። ሰበርም እንዲሁ ነው፤ ሦስት ዳኞች ያሉበት አጣሪ ችሎት ሳያሳልፈው አምስት ዳኞች ፊት አይደርስም። ይህ በሌላ ስም ፈቃድ ነው። የጎደለው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ሰዓት የለውም። ሁለተኛ፣ ለታሳሪውም ለአሳሪውም አንድ ዓይነት ነው።

ስለዚህ የምጠይቀው ይህን ነው። ዋስትና የተከለከለ ሰው ያለ ምንም ፈቃድ ይግባኝ ይበል። ሕጉ የሥር ፍርድ ቤት የዋስትናን ጥያቄ በ48 ሰዓት እንዲወስን ያዝዛል፤ የላይኛውም በዚያው ፍጥነት ይወስን። መንግሥት ግን የተፈቀደን ዋስትና ለማስቀልበስ ከፈለገ አስቀድሞ ፈቃድ ይጠይቅ። ሰውየው ዋሱን ጠርቶ ይውጣ፤ ጥያቄው እሱ ውጭ ሆኖ ይታይ። የላይኛው ፍርድ ቤት በ48 ሰዓት ውስጥ ምክንያቱን ጽፎ ካልፈቀደ ጥያቄው ሞቷል። በፍትሐ ብሔር ደግሞ ዝርዝሩ ባለበት ይቆይና አንድ ጠባብ በር ይጨመርለት፦ የመሀል ትእዛዙ ያደረሰውን ጉዳት የመጨረሻው ፍርድ ሊመልሰው የማይችል ከሆነ፣ የላይኛው ፍርድ ቤት ይግባኝ መፍቀድ ይችላል። ቀጠሮ ተራዘመብኝ የሚል አያልፍም። የአንድ ክረምት እርሻ ቀረብኝ የሚል ያልፋል።

በፕሮግራመር ቋንቋ ዲፎልቱን ቀይሩት ማለቴ ነው። አሁን ሲስተሙ መልስ ሲያጣ ሰውን ቆልፎ ይቀመጣል። መልስ ሲያጣ ይልቀቅ። ያኔ መቸኮል ያለበት መንግሥት ይሆናል፤ መኪናም፣ ስልክም፣ ሠራተኛም ያለው እሱ ነው። ጋሸና ላይ መንገድ ቢዘጋ መንገዱን ለማስከፈት የሚሯሯጠው ሰውየውን መልሶ ማሰር የፈለገው ይሁን።

የሥራ ባልደረቦቼ ደግሞ «ቴክኖሎጂ ይፈታዋል፤ መዝገቡን ዲጂታል ማድረግ ነው» ይሉኛል። እንጀራዬ ስለሆነ ደስ ባለኝ። ግን መዝገቡን ከላሊበላ ወልድያ በአንድ ሴኮንድ መላክ ይቻላል፤ ሕጉ ሰዓት ካላስቀመጠ በአንድ ሴኮንድ የደረሰው ፋይል ሦስት ሳምንት ይቀመጣል። በአማራ ክልል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት የቆየበትን ጊዜ ደግሞ አንርሳ። ፍጥነት የሚመጣው በመዘግየቱ የሚጎዳ አካል ሲኖር ነው። አሁን በመዘግየቱ የሚጎዳው እስረኛው ብቻ ነው።

«አደገኛው ሰውስ?»

ጠንካራው ተቃውሞ ይህ ነው፤ አላልፈውም። «ሰውየው ገዳይ ቢሆንስ? ዳኛው ተሳስቶ ቢለቀውስ? የላስታን ተራራ አንዴ ከያዘ ማን ያገኘዋል? ምስክሩን ቢያስፈራራስ?»

መጀመሪያ ነገር፣ ይህን ሁሉ የሥር ዳኛው ሰምቶታል። የዋስትና ሕጉ ራሱ ሞት ወይም 15 ዓመትና ከዚያ በላይ የሚያስቀጣ ሆኖ ተጎጂው ሊሞት የሚችልበትን ወንጀል ከዋስትና ውጭ ያደርጋል። በሌሎቹም ተጠርጣሪው ግዴታውን የማይፈጽም፣ ሌላ ወንጀል የሚሠራ፣ ምስክር የሚያባብል ወይም ማስረጃ የሚያጠፋ መስሎ ከታየ ዳኛው ዋስትና መከልከል ይችላል። ፖሊስ ይህን ተከራክሮ ነው የተሸነፈው። ሁለተኛ፣ አዲስ ነገር ከተገኘ ቁጥር 74 አለ።

ሦስተኛ፣ ከኛ በላይ ወንጀለኛ አያስፈራቸውም የማይባሉ እንግሊዞች ምን እንዳደረጉ እንይ። እንደ ፈረንጆቹ በ1993 ባወጡት የዋስትና ማሻሻያ ሕግ ዐቃቤ ሕግ በተፈቀደ ዋስትና ላይ ይግባኝ እንዲል ፈቀዱለት። ግን ሰዓት አሰሩበት። ችሎቱ ሳይበተን፣ ሰውየው ሳይለቀቅ በቃል ማሳወቅ አለበት። በሁለት ሰዓት ውስጥ በጽሑፍ ማረጋገጥ አለበት። ካላረጋገጠ ይግባኙ እንደተወ ይቆጠራል። ከዚያ ጉዳዩ የሥራ ያልሆኑ ቀናት ሳይቆጠሩ በ48 ሰዓት ውስጥ መሰማት ይጀምራል። እነሱ በእነዚህ ሰዓታት ሰውየውን ያቆዩታል። እኔ ግን ያንን እንኳ አልቀበልም፤ የእነሱ 48 ሰዓት 48 ሰዓት ነው። የኛ 48 ሰዓት አርብ ተይዞ ማክሰኞ የሚቀርብበት፣ ከዚያ «ምርመራ አልጨረስኩም» ተብሎ በየ14 ቀኑ የጊዜ ቀጠሮ የሚጠየቅበት ሰዓት ነው። ሕጉ አንዱን ቀጠሮ ከ14 ቀን አያሳልፍም፤ ስንት ጊዜ እንደሚሰጥ ግን አይገድብም። እንዲህ ባለ አገር ተጨማሪ ሰዓት ለአሳሪ ማበደር አይገባም።

ሌላም ተቃውሞ አለ፤ ይህኛው ከአገሬ ሰዎች ነው የሚመጣው፣ ይበልጥም ያመኛል። «ሰው ያለ ፍርድ ቤት በጅምላ በሚታሰርበት ክልል ስለ ይግባኝ ፈቃድ ማውራት ቅንጦት ነው» ይላሉ። እውነት አላቸው፣ ግማሹን። ከመስከረም 18 ቀን 2017 ጀምሮ በአማራ ክልል በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች መታሰራቸውን፣ ከእነሱም ውስጥ ዳኞች እንዳሉበት አምነስቲ ኢንተርናሽናል አስታውቋል። ዳኛ በሚታሰርበት ቦታ የሕግ ቁጥር መጥቀስ ያስቃል።

ግን አስቡት። የጅምላ እስር ራቁቱን ነው የሚመጣ፤ ሁሉም ያየዋል፣ አንድ ቀን ያልፋል። ይግባኝ ተብሎ የሚመጣው እስር ማኅተም አለው፣ የመዝገብ ቁጥር አለው፣ ቀጠሮ አለው። ሕጋዊ ይመስላል፤ ስለዚህ አያልፍም። የ1993ቱ ሕግ ያወጡት ሰዎች ሥልጣን ላይ የሉም፤ ሕጉ ያስለመደው ነገር ግን አለ። ደግሞም ዋስትና ለመፍቀድ ድፍረት የሚጠይቅበት ጊዜ ከሆነ፣ የደፈረው ዳኛ ትእዛዝ ያንኑ ቀን መፈጸም አለበት። ዳኛው ደፍሮ ጽፎ ሰውየው ካልወጣ፣ ነገ ለምን ይደፍራል?

ይህን ለማስተካከል አዲስ ሕገ መንግሥት አያስፈልግም። ፓርላማው ሁለት ንዑስ ቁጥሮችን ቢጨምር ይበቃል። ፓርላማው እስኪያስብ ደግሞ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት የሚሰጠው የሕግ ትርጉም በአገሪቱ ባሉ ፍርድ ቤቶች ሁሉ ላይ አስገዳጅ ነው። ቁጥር 75ን እንደተጻፈው ቢያነበውና «ይግባኝ መጠየቁ ብቻ የዋስትናን ትእዛዝ አያግድም» ብሎ ቢወስን፣ ከላሊበላ እስከ ጎዴ ያለ ዳኛ ሁሉ ይከተለዋል። ጠበቆች ሆይ፣ ይህን ነጥብ ይዛችሁ ሰበር ሂዱ። እኔ መጻፍ ነው የምችለው፤ ጥቁር ካባ ያላችሁ እናንተ ናችሁ።

እስከዚያው ድረስ እያንዳንዳችን አንድ ነገር ማድረግ እንችላለን። የምንጠላው ሰው ዋስትና ተፈቅዶለት ሳይወጣ ሲቀር ዝም አንበል። «ማን ነው?» ብለን ሳንጠይቅ፣ «ትእዛዙ መቼ ተሰጠ? ስንት ሰዓት ሆነው?» ብለን እንጠይቅ።